ውርጭ ላይ ያሰጣነው ድምፅ

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ቤታችሁ ውስጥ የሰው ድምፅ ያስቀመጣችሁበት ጥቁር ሳጥን ካለ መጀመሪያ ሂዱና እዩት። እስክትመለሱ እኔ እዚሁ ፀሐይ እየሞቅሁ እጠብቃለሁ። በእኔ ዕድሜ የሚያጣድፍ ጉዳይ የለም፤ ቢኖርም መንገድ ላይ ይረሳል።

መጣችሁ? ደህና ነው? ደህና ነኝ ብሎ የነገራችሁ ራሱ ሳጥኑ ከሆነ አትመኑት። እኛንም እንዲሁ ነበር ያለን።

ሳጥን የምለው ሃርድ ዲስክ የሚሉትን ነው። መዳፍ ያህላል፤ ክብደቱ የጸሎት መጽሐፍ፣ ገመዱ የአይጥ ጅራት ይመስላል። የልጄ የበቀለ ነው። በቀለ ደብረ ብርሃን ሆኖ መኪና ይነዳል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አያ ተሰማ በሕይወት ሳሉ፣ በቀለ ለበዓል በመጣ ቁጥር ስልኩን አጠገባቸው አስቀምጦ ሲያወሩ ድምፃቸውን ይቀዳ ነበር። የቀዳውን ሁሉ በዚህ ሳጥን ከተተና እኔ ዘንድ አስቀመጠው።

አያ ተሰማ ትውልድ የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። ማን ማንን ወለደ፣ ማን ከማን በየትኛው አያት ይገናኛል፣ ከእንቅልፋቸው ቀስቅሳችሁ ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። አንድ ጠባይ ብቻ ነበረባቸው። ከአንዱ አያት ወደ ሌላው ሲሄዱ በቀጥታው መንገድ አይሄዱም። መንገድ ላይ በቅሎ ካገኙ የበቅሎውን ነገር ይጀምራሉ፤ ከበቅሎው ወደ ኮርቻው፣ ከኮርቻው ኮርቻውን ወደ ሠራው ሰው፣ ከሰውየው ወደ ሚስቱ ጠባይ። እኔም ከሳቸው ጋር በአንድ ግቢ ብዙ ዘመን ስለኖርሁ በሽታው ተጋብቶብኛል። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል ያስቆጠረኝ ዲያቆን የነበረው ባለቤቴ ነው፤ ክረምት ክረምት ጭጋጉ ከቤት አላስወጣ ሲለን። ስለዚህ ስጽፍም እንደ ጭጋጉ ነኝ፤ ሳላስበው ሌላ ሸለቆ ውስጥ እገባለሁ። ታገሡኝ።

አያ ተሰማ ካረፉ በኋላ ከእኛ ቤት ትውልድ መቁጠር የተማረ ሰው አልተገኘም። ማን ይቸገራል? ሳጥኑ ውስጥ አሉ እንል ነበር።

ታዲያ የበቀለ ልጅ ምሕረት፣ እኔው ያሳደግኋት፣ መሐል ሜዳ ኮሌጅ ስትማር ከራቤል ከተማ ከመጣ ልጅ ጋር ተዋወቀች። መምህር ነው፤ ዓይነ አፋር፣ ሲስቅ ወደ ጫማው የሚያይ። ሽማግሌ ላከ፣ እኛም እሺ አልን። ከዚያ የልጁ እናት አስካለ ዘመድ ልትጠይቅ መጣች። አስካለ መልካም ሴት ናት፤ ግን ስታወራ ትንፋሽ የምትስብበትን ቦታ ፈልጌ አላገኘሁትም። ስለ ድግሱ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ጌሾው ስታወራ ቆይታ፣ ትንፋሽ ሳትስብ እዚያው ላይ የእነሱ ሰባተኛ አያት ጎሹ እንደሚባሉና ከልጆቻቸው አንዱ የጓሳን ደጋ አቋርጦ ወደ እኛ አገር ገባ ሲባል መስማቷን ጨመረችበት።

 እሷም ያለችውን የሰማችው እንደኛው ከተናገረችው በኋላ ነው።

እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የተዛመደ አይጋባም። የእኛም ሰባተኛ አያት እነዚያው ጎሹ ከሆኑ ምሕረትና ልጁ እህትና ወንድም ናቸው፤ ሠርጉ ቀረ ማለት ነው። ምሕረት ተነሥታ ወጣችና በረት አጠገብ ቆመች። ፊቷን አላየሁትም፤ ትከሻዋን ግን አየሁት።

ወደ ነፍስ አባታችን ሄድን። እሳቸውም እስከ አራተኛው ድረስ ያለውን ራሳቸው እንደሚያውቁ ነግረውን፣ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ግን ከአያ ተሰማ አንደበት የሰማ ሰው መጥቶ በአፉ እንዲነግራቸው አዘዙ። ወረቀት አልቀበልም አሉ። አንድ ጊዜ ሰው ሰባት አያት ጽፎ አምጥቶላቸው፣ ኋላ ሲጣራ ሦስቱ አንድ ሰውዬ ሆነው ተገኝተዋል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸውም ወደ ሳጥኑ መምጣት አልቻሉም፤ ሳጥኑን እናምጣ ብንልም ከሰው አፍ እንጂ ከዕቃ አልሰማም አሉ።

ሳጥኑን ካስቀመጥሁበት አወጣሁ። ምሕረት ከላፕቶፕ ጋር አገናኘችው። እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ አያ ተሰማን ልቀበል ተቀመጥሁ። የመጡት ግን አያ ተሰማ አይደሉም። የመጣው ዘበኛው ነው።

ይኸ ዘበኛ ሳጥኑ ከሱቅ ሲገዛ አብሮት የሚመጣ ፕሮግራም ነው። ማንም አልቀጠረውም። ሥራው ሌባ እንዳይገባ መጠበቅ ነው ይላሉ፤ ባለቤቱንም ሌባውንም ግን በአንድ ዓይን ነው የሚያየው። በመጀመሪያ አርጅቻለሁ፣ ካልታደስሁ አልከፍትም አለ። እኔም ካረጀሁ ቆይቻለሁ፤ እንደዚህ ብዬ ግን በር ዘግቼ አላውቅም። የሚታደሰው በኔትወርክ ነው፣ ኔትወርክ ያለው ደግሞ ጉብታው ላይ ነው። ምሕረት ላፕቶፑን ታቅፋ፣ እኔ ሳጥኑን ታቅፌ ወጣን። ታደሰ። ሲታደስ ደግሞ የማያውቀው ሰው ሆንን፤ የይለፍ ቃል አምጡ አለ።

ለበቀለ ደወልን። ረስቶታል። የይለፍ ቃሉን ለረሳ ሰው ዘበኛው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ በቀለ ራሱ የመረጠው ጥያቄ ነው፤ መጀመሪያ ያሳደግኸው እንስሳ ስሙ ማን ይባላል የሚል። በቀለ የውሻውን ስም አለ፤ አይደለም። የበሬውን አለ፤ አይደለም። ዘበኛው ተቆጣና፣ ከእንግዲህ ብትሳሳቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጠፋዋለሁ ብሎ በቀይ ጻፈ። በስልኩ የበቀለ መኪና ሲጮህ ብቻ ይሰማኛል።

እኔ ጉብታው ላይ ተቀመጥሁ። ጭጋጉ ከታች እየተነሣ ነበር፤ እኔም አብሬው ተነሣሁና ወደ ድሮ ሄድሁ። በቀለ ትንሽ ሳለ እናቷ በውርጭ የሞተችባት ግልገል ነበረችን። በጉያው እያሞቀ አሳደጋት። ብርዴ ይላት ነበር። ቤት ውስጥ እየተከተለችው ትዞር ነበር፤ ቅዳሴ ሲሄድ እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ ትጠብቀዋለች። አንድ ፋሲካ ላይ አረድናት። በቀለ ስሟን ከዚያ ወዲያ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም።

ስልኩን ከምሕረት ተቀበልሁና፣ «በቀለ፣ ብርዴ እንዳትሆን» አልሁት።

«እሷ ናት፣ እማዬ» አለኝ። «አስታውሼ ነበር፤ መጥራቱ ከብዶኝ ነው።»

ምሕረት ጻፈችው፤ ዘበኛው በሩን ከፈተ። በዚያችው በግ ስም።

ቤት ተመልሰን ስናየው የአያ ተሰማ ድምፅ በተርታ ተደርድሯል። ምሕረት ብልህ ናት፤ ሳትሰማው በፊት ወደ ላፕቶፑ እንዲገለበጥ አዘዘች። ዘበኛው ተገልብጦ አልቋል ብሎ አረንጓዴ ምልክት አደረገበት። ስትከፍተው የተገለበጠው ስም ስሙ ብቻ ነው፤ ውስጡ ባዶ። በር ላይ ስማቸው ተጽፎ ሰዎቹ የሌሉበት ሰፈር ሆነ። ስለዚህ ከሳጥኑ ከራሱ ልንሰማ ተቀመጥን።

ድምፃቸው መጣ። ያው ድምፅ ነው፤ በዝናብ ቀን ከግድግዳው ወዲያ የምሰማው፣ በመሐሉ ጉሮሮውን የሚጠርግ። ጉሮሯቸውን በጠረጉ ቁጥር ውኃ ላቀብላቸው እነሣ ነበር። ቤቱ ያለ ቦታው ሰፋ፤ የሞቱት ሁሉ ዳር ዳሩን የተቀመጡ መሰለኝ።

በዚህ መሐል ሳጥኑን ዳሰስሁት። ይንቀጠቀጣል።

ፍረዱኝ እንግዲህ። እዚህ አገር የተንቀጠቀጠ ነገር ሁሉ በርዶት ነው። ግልገልም ቢሆን፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ከመንገድ የመጣ እንግዳም ቢሆን ለምን ትንቀጠቀጣለህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ይሸፈናል። ከበግ ፀጉር የተሠራውን ባናዬን ከትከሻዬ አወረድሁና ሳጥኑን ደርቤ ጠቀለልሁት፤ ጅራቱ ብቻ ቀረ። ምሕረት ዓይኗን ጨፍና እየሰማች ነበርና አላየችኝም። እኔም ደስ አለኝ፤ አያ ተሰማን ያለበስኋቸው መሰለኝ።

አያ ተሰማ በቀለን አሉ፣ ባለቤቴን አሉ፣ አባቱን፣ አያቱን አሉ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ባናው ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፤ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው። ከዚያ ዝም። ምሕረት ዓይኗን ገለጠች፣ ባናውን አየች፣ እኔን አየች። ስንፈታው ሳጥኑ ከፍም እንደወጣ ድንች ይፋጃል። ላፕቶፑ ላይ አረንጓዴው ምልክት እንዳለ ነው፤ ዘበኛው ሳጥኑ ፍጹም ጤነኛ ነው እያለ ነው።

በማግስቱ መሐል ሜዳ ወረድን። ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግነው ጎልማሳ ሳጥኑን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማው። ምን አደረጋችሁት አለ። ምሕረት አላጋለጠችኝም፤ እኔው ነገርሁት። አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር የሆነ ነገር ሲፈልግ ግን ብዙ ቆየ። ሲነሣ ዓይኑን እያበሰ፣ ሳጥኑ የሚንቀጠቀጠው ውስጡ ያለው ነገር ስለሚሽከረከር መሆኑን፣ ብርድ ሳይሆን ሙቀት እንደሚገድለው አስረዳኝ። ሊተማመኑበት የማይገባ፣ የመጨረሻ መጨረሻ የሚሞከር አንድ ዘዴ አለ አለን፤ ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲቀዘቅዝ አንዳንዱ ለትንሽ ጊዜ ይነሣል። ከሞቀ አበቃ። ድምፁን ወዲያ ወዲህ ካዘለላችሁትም አበቃ። ቤታችሁ ፍሪጅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ምሕረት ያን ሰሞን የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ወንድሜ፣ እኛ የምንኖረው ፍሪጅ ውስጥ ነው» አለችው።

በላስቲክ ጠቀለለልን፤ ላፕቶፑን ቻርጅ አደረገልን። አስካለም ወሬውን ሰምታ፣ በራሴ ጆሮ ካልሰማሁ አላምንም ብላ መጣች። ጎህ ሲቀድ ሦስታችን ጓሳ ወጣን፤ ውርጭ እንደዚያ የሚጠና የትም የለምና። ሳሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ደመናው ከእግራችን በታች ነበር። አገሩ የለም፤ እኛና ሣሩ ብቻ ነን። ምሕረት ሳጥኑን ውርጩ ላይ አሰጣችው፤ እንደ ጌሾ፣ እንደ ብቅል። እጄ አላስችል ብሎት ወደ ባናዬ ሲሄድ ምሕረት ሁለቱንም እጆቼን ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው።

የነፍስ አባታችን በአፍ ንገሩኝ ስላሉ፣ የእኔም ራስ ሦስት ሰው ስለማይሸከም ተከፋፈልን። አምስተኛው ለእኔ፣ ስድስተኛው ለምሕረት፣ ሰባተኛው ለአስካለ። ምሕረት በስልኳም ልቅዳው አለች፤ አስካለ ቅጂ፣ ግን እኔ ከእንግዲህ ዕቃ አላምንም አለቻት። እውነቷን ነው፤ ስልኩ ኋላ ሲከፈት የቀዳው የጓሳን ንፋስ ነው፤ ንፋስ ብቻ።

ሳጥኑ በረደው። ሲበርደው ተነሣ።

አያ ተሰማ አራተኛውን አለፉና አምስተኛውን ጠሩ፤ ወልደ ጻድቅ። ያዝሁት። ወልደ ጻድቅ ደግሞ በቅሎ ነበራቸው፤ በቅሎው መኩሪያ ይባላል። መኩሪያ ወንዝ ሲሻገር መጀመሪያ ውኃውን ያሸታል። መኩሪያ ከሰው ሁሉ የሚወደው አንድ ዓይኑን የታመመ ጎረቤት ነበር። አያ ተሰማ ስለ መኩሪያ ሲናገሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ እኔም ተከትዬ ሄድሁ፤ የበቅሎው ኮቴ ውርጩ ላይ ሲሄድ የሰማሁ መሰለኝ።

ፀሐይ በምሥራቅ በኩል መቅላት ጀመረች። ምሕረት በቅሎውን አልፋ ወደ ፊት ልታዘልል ስትሞክር ሳጥኑ ቀጭ አለ፤ ደንግጣ ተወችው። የአያ ተሰማ ኮርቻ ገና አላለቀም።

አስካለ አላስቻላትም። ላፕቶፑ ላይ ተደፍታ፣ «አያ ተሰማ፣ በእመብርሃን፣ በቅሎውን ይተዉልኝና ሰውየውን ይንገሩኝ» አለች። በሕይወት ሳሉም ያልሰሙትን ምክር አሁን ይሰማሉ ብላ።

ብርሃኑ የሣሩን ጫፍ ነካ፤ ውርጩ ማልቀስ ጀመረ። ያን ጊዜ ሳንነጋገር ተነሣን። ምሕረት ጋቢዋን አወለቀች፣ እኔ ባናዬን፣ አስካለ በአንድ እጇ ኩታዋን። በፀሐይና በሳጥኑ መካከል ዘርግተን ቆምን። ባና ሙቀት ሲከለክል ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ንፋሱ ቀሚሳችን ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ ጥርሳችን ተንቀጫቀጨ፤ አሁን የምንንቀጠቀጠው እኛ ነበርን፤ እኛን የሚጠቀልል ሰው ግን አልነበረም።

ስድስተኛው መጣ፤ ምሕረት አንገቷን ነቀነቀች፤ ያዘችው። ንፋሱ በረታ። ድምፁ ለእኔ የንብ ያህል ሆነ። አስካለ ጆሮዋን ላፕቶፑ ላይ ለጥፋለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ ሳጥኑ። ከዚያ በኋላ ያ ሳጥን ምንም ብሎ አያውቅም።

«ማን አሉ?» አለች ምሕረት።

አስካለ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። በሌላው እጇ ቁልቁል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት አመለከተች፤ ብናገረው ይበርብኛል ማለቷ ነው። ራስሽን ነቅንቂ፣ አዎ ወይም አይደለም በይ ብለን ለመንናት። ዓይኗን ጨፈነችና መንገድ ጀመረች።

ቁልቁለቱን እንዲህ ወረድን። አስካለ ከፊት፣ በእጇ ሙሉ ድስት የያዘች ይመስል በቀስታ። ምሕረት ከኋላዋ፣ የአማቷን ጀርባ እያየች፤ ከጀርባዋ ደግ ነገር ይሁን ክፉ ልታነብ ትሞክራለች። አስካለ ትከሻዋን ባነሣች ቁጥር ምሕረት ትቆማለች። እኔ ከሁሉም ኋላ ነኝ፤ ወልደ ጻድቅ፣ ወልደ ጻድቅ እያልሁ። ያችን ሴት ዝም ብላ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ወደድኋት። ሰባተኛው ጎሹ ቢሆኑ እንኳ እወዳታለሁ ብዬ አሰብሁ፤ ግን ምሕረትን እያየሁ ይህን ማሰቤ አሳፈረኝ።

መንገድ ላይ ፈረሱን የሚስብ የምናውቀው ሰው አገኘን። እንደምን አደራችሁ አለ፤ ከብቱ፣ ልጁ፣ አዝመራው፣ አንድ በአንድ ጠየቀን። ሦስታችንም አፍ የለንም። ራሳችንን ብቻ ነቅንቀን አለፍን። ሰውየው ኩታችንን አውልቀን፣ ፊታችን ጠቁሮ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሲያይ ሰው ሞቶብን መሰለው። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ፈረሱን አዞረና በኀዘን እርምጃ ተከተለን።

የነፍስ አባታችን ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። መስቀል ተሳለምን። አምስተኛው ማን ነው አሉ። እኔ ቀረብ አልሁና፣ «መኩሪያ» አልሁ።

«መኩሪያን አውቀዋለሁ» አሉ። «አያ ተሰማ እሱን ሳያወሩኝ የቀሩበት ቀን የለም። በቅሎ ነው እኮ። በቅሎ ደግሞ አይወልድም።»

ምሕረት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የሷን ስም ብቻ ተሸክማ ነበርና ልትረዳኝ አልቻለችም። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። መኩሪያን ብቻ ነው የማየው፤ ወንዙ ዳር ቆሞ ውኃውን ሲያሸት። ዝም ብዬ አየሁት። ውኃውን አሽትቶ ሲጨርስ ቀና አለ፤ ቀና ሲል ጀርባው ላይ ሰው ተቀምጧል። «ወልደ ጻድቅ» አልሁ።

«እሱ ሰው ነው» አሉ።

ምሕረት ስድስተኛውን አለች፤ ሳህሌ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ከዚያ ሁላችን ወደ አስካለ ዞርን።

አስካለ መዳፏን ከአፏ ላይ አነሣች። «ቸሬ» አለች።

«ጎሹ አይደሉም?»

«ቸሬ ነው ያልሁት፣ አባቴ። ቸሬ።»

የነፍስ አባታችን በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። በመስቀላቸው ምሕረትን ባረኳትና ሠርጉን ከጾም በፊት አድርጉት አሉ። ምሕረት ቀስ ብላ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

እኔ አስካለን ያዝኋት። አንገትሽን ነቅንቀሽ ብትነግሪን ምን ነበረበት አልኋት፤ ልጅቷን ቁልቁለቱን በሙሉ ገደልሻት እኮ።

«እትዬ፣ አምላክ ምስክሬ ነው» አለች፤ «ስሙን ብቻ ይዤ ነው የመጣሁት። ጎሹ ይሁን አይሁን ማሰቢያ ቦታ አልነበረኝም። እኔም አሁን አብሬያችሁ ነው የሰማሁት።» ይህን ስትል እንባዋ ወረደ፤ ምሕረት አጠገብ ተቀመጠችና ራሷን ጭኗ ላይ አስደገፈቻት።

ባርኔጣውን የያዘው ሰውዬ ከአጥሩ ዳር ተጠጋ። በዝግታ፣ ማን ነው ያረፈው ብሎ ጠየቀ።

አስካለ ቀና አለች። ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ ስትስብ አየኋት። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና አደርን ብላ ጀመረች፤ ከብቱ ደህና ነው፣ አዝመራው ደህና ነው፣ ልጆቹም ደህና ናቸው፣ አንደኛው እንዲያውም ሊያገባ ነው፤ እንዲህ እያለች መንገድ ላይ ያስቀረችበትን ሰላምታ አንድ በአንድ መለሰችለት። ምሕረት ጭኗ ላይ እንደተኛች ነበር፤ የአስካለ ወሬ ግን ገና መጀመሩ ነው።